እንጆሪና የጨው ውሃ

«ትልን ከፍሬው በልመና እንጂ በጉልበት አታወጪውም» ትላለች አጉሊት።

ልመናው ቀዝቃዛ ውሃና ጨው ነው። ሰፋ ያለ ነጭ ሳህን ላይ ውሃ ይቀዳል፣ ጭብጥ ጨው ይበተንበታል፣ እንጆሪው ቀስ ተብሎ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም የለም። ጉንዳንና ጥንዚዛ ውሃው ገና ሲነካቸው ተንሳፍፈው ይወጣሉ፤ እሷ ግን ለእነሱ ደንታ የላትም። ጉንዳንማ ማንም ያየዋል። የምትጠብቀው ሌላ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከአንዱ ፍሬ ጫፍ የክር ቁራጭ የመሰለ ነጭ ነገር ራሱን ብቅ ያደርጋል። መንገድ እንደጠፋው እንግዳ ግራ ቀኝ ይላል። ቀጥሎ ከጎረቤቱ ፍሬ ሌላው፣ ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላው። ያኔ የአጉሊት ፊት ይፈካል። «ኑ እስቲ፣ ኑ ውጡ» ትላቸዋለች፤ በር ከፍታ የምታስተናግዳቸው ይመስል።

አጉሊት የሚለውን ስም ያወጡላት ዕድሜዋን ሙሉ አትክልትና ፍራፍሬ ስታጥብ የኖረችበት ሆቴል የወጥ ቤት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ያወጣላት ሼፉ ነው፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው። አንድ ቀን ከአረንጓዴ ሰላጣ ላይ አረንጓዴ ትል አንስታ ስታሳየው «ይቺ ሴትዮ የተሰጣት ዓይን አይደለም፣ አጉሊ መነጽር ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ጠፋ። በእሱ የምትጠራው ደመወዝ ስትቀበል ብቻ ነበር፤ ያኔም አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስላትና ዝም ትላለች።

ቦታዋ ከጓሮ በሩ አጠገብ ያለው የድንጋይ ገንዳ ነበር። መስኮቱ የሚያሳየው የቆሻሻ በርሜሎችን ነው። እጇ ከውሃ ወጥቶ አያውቅም፤ የጣቶቿ ጫፍ ሁልጊዜ እንደተነከረ ባቄላ የተጨማደደ ነው። አላገባችም። አንድ ሰው ጠይቋት ነበር፤ የሆቴሉን ልብስ የሚተኩስ፣ ንጹሕ፣ ዝምተኛ ሰው። ነገሩ ሊያልቅ ሲል ታናሽ እህቷ ሞተችና ጡት ያልጣለች ልጅ ትታላት ሄደች። ሰውየው «ወይ እኔን ወይ ልጅቷን» አላላትም፤ ቀጥ ብሎ መናገር የሚችል ሰው አልነበረም። «ቤቱ ጠባብ ነው» አለ ብቻ። ገባት። ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ ወደ ገንዳዋ ተመለሰች።

ልጅቷን ሚጢጢ አለቻት። ሚጢጢ አድጋ፣ ተምራ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ስትሸጥም ስሙ አልተለወጠም። አጉሊት ጡረታ ወጥታ ሁለቱ በኪራይ ግቢ ውስጥ ባሉት ሁለት ክፍሎች ሲኖሩ፣ ከአሮጌው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ፣ በእሾህ ከተሸፈነው ቁልቁለት የዱር እንጆሪ ለቅማ መምጣት የአጉሊት ዋና ሥራ ሆነ። ክንዷ ተቧጭሮ፣ ቀሚሷ ተሸርክቶ ትመጣለች። ከሚወጣው ማርማላታ ጎረቤት ሁሉ ይደርሰዋል።

ሚጢጢ ልጅ ሳለች ከዚያ ነጭ ሳህን አጠገብ የሚያነሳት አልነበረም። አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትጠብቃለች። የመጀመሪያው ትል ብቅ ሲል «ወጣ! ወጣ!» እያለች ታጨበጭባለች። ስም ሁሉ ታወጣላቸው ነበር። ወፍራሙን «ሼፉ» ትለዋለች። ዘግይቶ የሚወጣውን «እንቅልፋም» ትለዋለች። አጉሊት በሕይወቷ ደስ ያላት መቼ እንደነበር ቢጠይቋት የምታነሳው ያንን ጭብጨባ ነው።

*

ሚጢጢ የታጨችለት ልጅ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ሳቂታ፣ ነገር የማያከር፣ ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴ የማይጠፋ። ከእናቱ ጋር በሚኖርበት ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል አለች። ትንሽ ናት፤ መስኮቷ ግን ወደ ግቢው ይከፈታል። ገና መተጫጨታቸው በተወራ ሰሞን ሚጢጢ አክስቷን ወስዳ አሳየቻት።

«ያቺ ክፍል ያንቺ ናት» አለቻት። «ልጅ ስወልድ ካንቺ ሌላ ማን ሊይዝልኝ ነው?»

አጉሊት መስኮቱን በስንዝሯ ለካችው። በማግስቱ እዚያው ግቢ ወደምትኖረው ልብስ ሰፊ ሄደችና መጋረጃ አዘዘች፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ ጥልፍ ያለበት።

«ለማን ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ታውቃለች፣ ግን ከአፏ መስማት ፈልጋ ነው።

«ለክፍሌ።»

«ክፍልሽማ ይኸው፣ መስኮትም የላት።»

«ለሌላው ክፍሌ» አለች አጉሊት፤ እንደ ኮረዳ አፈረች።

የልጁ እናት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ከተማሪ ፊት ቆመው የኖሩ ሰው ስለሆኑ ተቀምጠውም የቆሙ ይመስላሉ። ሊጠይቋቸው እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ የሚጢጢ እንቅልፍ ጠፋ። ግድግዳውን አጠበች፣ የመብራቱን አምፖል ሳይቀር ወለወለች፣ የሌላቸውን የጠረጴዛ ልብስ ተዋሰች። አጉሊት ግን ጭንቀት አልነበረባትም። እንጆሪው በስሎ ጥቁር ቀይ ሆኗል። ኬክ ጋግራ ትኩስ ማርማላታ ታፈስበታለች፤ ይህን ቀምሶ ዝም ያለ ሰው እስከዛሬ አላየችም።

የዚያን ቀን ጠዋት ለቅማ መጣች። ፍሬውን የጨው ውሃው ውስጥ ጨመረችና ሚጢጢን ጠራቻት።

«እስኪወጡ ጠብቂልኝ። አትነካኪው፤ ራሳቸው ይወጣሉ። እኔ ሳህን ልዋስና መጣሁ።»

«እሺ፣ እሺ፣ ሂጂ» አለች ሚጢጢ፤ ሰዓቷን እያየች።

ልብስ ሰፊዋ ቤት የገባ ሰው ቶሎ አይወጣም። ሳህኖቹን ከቁም ሣጥን ጫፍ እስክታወርድ ስለ ዳይሬክተሯ የሰማችውን ሁሉ አወራች። «ተማሪ ጥፍሩን ካልቆረጠ ከበር ይመልሱ ነበር አሉ! አንቺ ዛሬ እጅሽን ከኋላሽ አድርገሽ ቁሚ፤ ይኸ የእሾህ ጭረት አያሳልፍሽም።» ተሳሳቁ። አጉሊት ሳህኖቹን አቅፋ ስትመለስ እንጆሪው ከውሃ ወጥቶ በማጥለያው ላይ ተንጠፍጥፎ አገኘችው።

«ወጡ?»

«ወጡ፣ አክስቴ። ውሃውን ደፋሁት። በደንብ አጥቤዋለሁ።»

አጉሊት ፍሬውን በመዳፏ አነሳችው። ለብ ብሏል። «ምነው ሞቀ?»

«ፀሐይ ላይ ስላንጠፈጠፍኩት ነው። አክስቴ እባክሽ፣ አሁን ይደርሳሉ!»

እንደ ልማዷ አንድ በአንድ እያገላበጠች አየችው። ከላዩ ላይ ምንም የለም። ድስቱን ጣደች።

*

ዳይሬክተሯ ኬኩን አሞገሱ። አጉሊት ከወንበሩ ጀርባ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ ነበር፤ ተቀመጪ ብትባልም መቀመጥ አልሆነላት። ሁለተኛውን ጉርሻ ሊያነሱ ሲሉ ማንኪያቸው አየር ላይ ቆመ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርገው አዩት። ከዚያ ከሳህናቸው ጠርዝ ላይ አንድ ነገር አስቀመጡና ናፕኪን ደረቡበት።

«ምንድን ነው እማዬ?» አለ ልጃቸው።

«ምንም አይደል። የዱር ነገር ስለሆነ ነው።»

«ትል ነው? ፕሮቲን ነው እኮ፣ ብዪው!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ የራሱን ሳህን አየ። ሳቁን አቋረጠ። እዚያም አለ።

የሚጢጢ ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ እስከ ጆሮዋ ቀላ።

«አክስቴ ዓይኗ ደክሟል» አለች። ድምጿ የሷ አይመስልም። «ስንት ጊዜ ነገርኳት። እኔ ልልቀመው ብላት እምቢ አለችኝ።»

አጉሊት ሚጢጢን አየቻት። ሚጢጢ የተዋሰችውን የጠረጴዛ ልብስ ታያለች። ማንቆርቆሪያው በእጇ ከበደ። ይቺ ልጅ ስትዋሽ አይታት አታውቅም፤ በሰባት ዓመቷ የሰበረችውን ብርጭቆ ስብርባሪውን ይዛ መጥታ «እኔ ነኝ» ያለች ልጅ ናት። እንግዲህ ልጅቷ ካልዋሸች የዋሸው ዓይኗ ነው።

«እውነቷን ነው» አለች አጉሊት። «አይታየኝም መሰለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ኧረ ምን ያድርጉ! ዕድሜ ነው፣ ማን ይቀርለታል» አሉ ዳይሬክተሯ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለዚህ ነው ንግግራቸው የጎዳት። «ሰው እንደርስዎ ከለፋ በኋላ ማረፍ ነው ያለበት። ደግሞ እንግዲህ ልጅ ከመጣ... ሕፃን ያለበት ቤት መርፌ ይወድቃል፣ መድኃኒት ይወድቃል፣ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። እርስዎን ማስቸገር አይሆንም።»

ኤሌክትሪሻኑ ሚጢጢን አያት። ሚጢጢ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። የጓሮዋ ክፍል ነገር፣ ማንም ስሟን ሳያነሳ፣ በዚያ የራስ ንቅነቃ አለቀ።

*

ሰው ዓይንህ ደክሟል ሲባል በእርግጥ ይደክማል። አጉሊት ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዝ ጀመር። ሩዝ ስትለቅም ሁለቴ ሦስቴ ትመላለስበታለች፣ ከዚያም ተጠራጥራ ለሚጢጢ ትሰጣለች። ወደ ጡብ ፋብሪካው ጀርባ መሄድ ተወች። ፍሬው እሾሁ ላይ እንደበሰለ ይረግፋል፣ ወፍ ይበላዋል፤ እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እጇን ታያለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከውሃ ወጥቶ ደርቋል፤ የጣቶቿ ጫፍ ለስልሷል። የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። በአንድ እጇ መርፌ፣ በሌላው ክር።

«እስቲ አስገቢልኝ፣ ይኸ የተረገመ ቀዳዳ ዛሬም ሸሸኝ።»

«እኔን ነው የምትለምኚው? ዕውሯን?»

«ሂጂ ወዲያ! ለስንት ዘመን ክር ያስገባሽልኝ አንቺ አይደለሽም? የኔ ዓይን ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ባንቺ ዓይን ነው የምሰፋው።»

አጉሊት መርፌውን ተቀበለች። የክሩን ጫፍ በምላሷ አረጠበች። ወደ በሩ ብርሃን ዞረችና አስገባችው። አንድ ጊዜ ነው የሞከረችው።

ልብስ ሰፊዋ ክሩን ጎትታ አየችው፤ ከዚያ የአጉሊትን ፊት አየች።

«አንቺ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዓይንሽ ደክሟል ያለሽ ማነው?»

ልብስ ሰፊዋ ከሄደች በኋላ አጉሊት ከመደርደሪያው ጥግ ያን ቀን የተረፈውን ማርማላታ አወረደች። ስኳር የገባበትን ነገር መድፋት አይሆንላትም፤ ከነክዳኑ አስቀምጣው ነበር። በማንኪያ ጨለፈችና ነጭ ሳህን ላይ ስስ አድርጋ ዘረጋችው። ሳህኑን ወደ ፀሐይ አወጣችው።

ታየቻት። ቁልጭ ብላ፤ እንደ ጆሮ ቀለበት የተጠቀለለች፣ ደረቅ ያለች ትል። ትንሽ አለፍ ብላ ሌላ፤ እሷም የተጠቀለለች።

አጉሊት ተቀመጠች። በጨው ውሃ የሞተ ትል ተዘርግቶ ነው የሚሞተው፤ ሊወጣ ሲሳብ፣ ርዝመቱን ሁሉ አውጥቶ። የሚጠቀለለው የፈላ ውሃ ሲደርስበት ብቻ ነው። ፍሬው ውስጥ እንዳለ ይኮማተራል፣ እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ልመና አያወጣውም። ሆቴሉ ውስጥ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ይህንኑ አድርጋ ሼፉ የአንድ ቀን እንጆሪ በሙሉ አስደፍቷል። ለብ ያለው ፍሬ በመዳፏ ላይ ትዝ አላት። ፀሐይ ላይ ስላንጠፈጠፍኩት ነው።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ዓይኔ ደህና ነው! ለአፍታ እንደ ልጅ ደስ አላት። ከዚያ ደስታው ወዴት እንደሚያደርሳት አሰበችና ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

*

ሚጢጢ ልብስ ትተኩስ ነበር። አጉሊት ሳህኑን ካውያው አጠገብ አስቀመጠችላት።

«ሚጢጢ፣ የፈላ ውሃ ነው ያፈሰስሽበት?»

ካውያው ሸሚዙ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ሽታ ሲያወጣ አነሳችው።

«ፋርማሲ ውስጥ ስንቱን አያለሁ፣ አክስቴ። ጀርም በጨው አይሞትም። ደግሞ አልወጣ አሉኝ፣ ሰዓቱም ደረሰ። እንዲሞቱ ብዬ ነው።»

«ሞቱማ። ቤታቸው እንዳሉ ሞቱ።»

«ምን አውቄ!»

«አንቺ? እዚያ ሳህን ላይ ተደፍተሽ አይደለም ያደግሽው?»

ሚጢጢ የሸሚዙን እጀታ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች።

«እሺ ውሃውስ ይሁን» አለች አጉሊት። «ቸኮልሽ፤ ማን የማይቸኩል አለ። ግን ለምን በኔ ላይ? ቸኩዬ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብትዪ ማን ይሰቅልሽ ነበር?»

«እናቱን አላየሽም እንዴ? አንድ ጊዜ የተሳሳተን ተማሪ እስከ ዛሬ በስሙ ነው የሚያነሱት። እኔ ገና ገብቼ የምኖርበት ቤት ነው። አንቺ ግን...»

«እኔ ግን?»

«አንቺ ግን አሮጊት ነሽ። አሮጊትን ሁሉም ይቅር ይላል።»

አጉሊት ይህን ቃል እንደ ትኩስ ነገር ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዘዋወረችው። «ይቅር ተባልኩ እንግዲህ» አለች። «ክፍሉስ?»

ሚጢጢ ካውያውን ነቀለችው። ዞራ አላየቻትም። «ቤቱ ጠባብ ነው፣ አክስቴ።»

አጉሊት ለረጅም ጊዜ ያልሰማችውን ድምፅ የሰማች ያህል ቀና አለች። ከዚያ ያን የልብስ ተኳሽ ሰውዬ አስታወሰች። ያኔ ሕፃኗ በጀርባዋ ላይ ተኝታ ነበር፤ ሰማች ለማለት አይቻልም።

«ከሠርጉ በኋላ እነግራቸዋለሁ» አለች ሚጢጢ፤ አሁን እንባዋ መጥቷል። «እውነቴን ነው። ትንሽ ይላመዱኝና ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ ዓይንሽ መድከሙ አይቀር። ምን ጎደለብሽ?»

«ምንም» አለች አጉሊት። «ሸሚዙን ጨርሺ፣ ሳይቀዘቅዝብሽ።»

ሠርጉ ተሠረገ። አጉሊት ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠች፤ አንዲት የማታውቃት ልጅ «እማማ፣ ደረጃ አለ፣ ይጠንቀቁ» ብላ ክንዷን ያዘቻት። ደረጃው ይታያታል፣ የልጅቷ የጫማ ማሰሪያ መፈታቱ ሳይቀር ይታያታል። ክንዷን ግን አላስለቀቀችም። የጓሮዋን ክፍል፣ እንደሰማችው፣ ዳይሬክተሯ የመጽሐፍ ሣጥኖቻቸውን አስገቡባት።

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ በዪ!» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፤ ከንዴቷ ብዛት የስፌት መኪናውን ፔዳል ትረግጣለች። «ሂጂና በአደባባይ ተናገሪ! እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ መርፌውንም ይዤ!»

«ምን ብዬ? ልጄ ዋሸች ብዬ? በሠርጓ ማግስት?»

«ታዲያ ዝም ልትዪ?»

«ሆድ ይፍጀው።»

«ሆድሽ ይኸን ሁሉ ከፈጀ ምን ሊተርፍሽ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «መጋረጃውንስ ምን ላድርገው? ተሰፍቶ ካለቀ ስንት ጊዜው።»

«ሽጪው።»

«በስንዝርሽ ልክ የተሰፋ ማን ይገዛዋል?»

*

እንጆሪው ከዓመት በኋላ እንደገና በሰለ። አጉሊት ወደ ጡብ ፋብሪካው ጀርባ ሄደች፤ ለማንም አልነገረችም፣ ዕውር እንጆሪ ለቀመች ተብሎ የሚሳቅባት መሰላት። ፍሬውን አመጣች፣ ጨውና ውሃዋን አዘጋጀች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች ሳለ መኪና ቆመ። ሚጢጢና ባሏ ናቸው። ሆዷ ገፍቷል፤ ስትራመድ እጇን ጎኗ ላይ ታደርጋለች።

«አክስታችን! እንጆሪ ሸተተኝ ብዬ ነው እኮ የመጣሁት!» አለ ኤሌክትሪሻኑ። ጎንበስ ብሎ ሳማት።

«ማርማላታሽ አምሮት ሞተ» አለች ሚጢጢ። «አንድ ብርጭቆ ብትሠሪልን ብለን ነው። እናቱም ይቀምሳሉ።» ወደ ሳህኑ አየች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ባሏ እንዳይሰማ ግን አልደበቀችውም። «ብቻ... በደንብ ይታይ፣ እሺ?»

ያ ውሸት ከዓመት በፊት የተዋሰችው ነገር ነበር፤ አሁን የራሷ አድርጋዋለች። አጉሊት ግን ጠበቀች። ምናልባት የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ሌላ ይሆናል ብላ፣ ሳህኑ ላይ ትል እንደምትጠብቀው፣ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ሚጢጢ ግን ሌላ ምንም አላለችም።

«ማን ይየው ታዲያ?» አለ ኤሌክትሪሻኑ በቅንነት። «እሳቸው እንደሆነ አይታያቸው።»

«እውነትህን ነው፣ ልጄ» አለች አጉሊት። ሳህኑን ወደ ሚጢጢ ገፋችው፣ በርጩማውንም ለቀቀችላት። «ሚጢጢ ትልቀመዋ። የሷ ዓይን አልደከመ።»

ሚጢጢ አየቻት። አንዴ ባሏን፣ አንዴ ሳህኑን አየች። ማምለጫ አልነበረም። እጀታዋን ሰበሰበች፣ ቀለበቷን አውልቃ ለባሏ ሰጠችውና ሆዷን እንደምንም አመቻችታ ተቀመጠች።

ትሎቹ መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ከጎኑ ሌላው። ሚጢጢ ከንፈሯን ነክሳ በጥፍሯ እያነሳች መሬት ላይ ታራግፋለች። አንድ ጊዜ ሊያቅለሸልሻት ፊቷን አዞረች። ኤሌክትሪሻኑ ሳቀ። «ፋርማሲስቷ! ትል ፈራሽ?»

«ሕፃን ሳለች አትፈራም ነበር» አለች አጉሊት። «ታጨበጭብላቸው ነበር። ወፍራሙን ማን ትዪው ነበር፣ ሚጢጢ?»

«አላስታውስም» አለች ሚጢጢ።

«ሼፉ ትዪው ነበር።»

ሚጢጢ ቀና አላለችም። ከአፍንጫዋ ጫፍ የተንጠለጠለው ጠብታ ላብ ይሁን ሌላ ነገር፣ ውሃው ውስጥ ወደቀ። አጉሊት አየችው። ሁሉንም ታይ ነበር፤ የተነከሰውን ከንፈር፣ ቀለበቱ የተወውን ነጭ መስመር፣ በጣቶቿ ጫፍ ላይ ቀስ በቀስ የሚመጣውን ጭምድድ። የራሷን የድሮ እጅ መሰላት።

«ጨረስኩ» አለች ሚጢጢ፤ ፍሬውን በሁለት እጇ ጨልፋ ወደ ድስቱ ማዛወር ጀመረች።

በመጨረሻው ጭብጥ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ አንዱ ፍሬ ላይ ነጭ ክር ብቅ አለ። እንቅልፋሙ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። የአጉሊት እጅ ከጉልበቷ ላይ ተነሳ። ዘመኗን ሙሉ ሳታስበው ይነሳ የነበረ እጅ ነው፤ አሁንም ሳታስበው ተነሳ። እሷ ግን ያዘችው። በሌላው እጇ አጥብቃ ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ፍሬው ወደ ድስቱ ገባ።

«አለ እንዴ ሌላ?» አለች ሚጢጢ፤ ያ የተያዘ እጅ አሳስቧት ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ የአክስቷን ዓይን ፈለገች።

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለች አጉሊት፤ ስኳሩን አመጣች።

ማርማላታው ተንተክትኮ ወፈረ፣ ብርጭቆው ውስጥ ተገለበጠ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መኪና ውስጥ ገባ። ኤሌክትሪሻኑ በመስኮቱ እጁን አወዛወዘ። መኪናው ከግቢው በር እስኪወጣ አጉሊት ቆማ አየች። አፏ አንድ ጊዜ ተከፈተ፤ «ቁሙ!» ልትል ይሆናል። ጥግ ታጠፉ።

ሳህኑን ልታጥብ ጎንበስ ስትል ልብስ ሰፊዋ ክሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ከበሯ ብቅ አለች።

«ሄዱ? ያቺ ልጅ ናት ተቀምጣ የለቀመችው ወይስ ዓይኔ ነው?»

«እሷ ናት።»

«ጉድ በል! ጨርሳ ለቀመችው?»

«ጨርሳ።»

«አንድም አልቀረ?»

አጉሊት የሳህኑን ውሃ ደፋች። መሬቱ ሲመጠው ቆማ አየች።

«እኔ ምኑን አየሁት» አለች።